ያለ ዋጋ የተበላው ዓሣ

ሰው በባዕድ አገር ያሳለፈውን ተራ ኑሮ፣ ማለትም የበላውን ምግብ፣ የተመላለሰበትን መንገድና በየማለዳው ሰላም ይለው የነበረውን ጎረቤት፣ ከዚያ አገር ከወጣ በኋላ በፍቅር ማሰቡ ተገቢ ነውን የሚለው ጥያቄ ከኦሪት ዘመን ጀምሮ የነበረ ጥያቄ ነው። ስደተኛ የአባቶቹን አገር መናፈቁ ብዙም አከራክሮ አያውቅም፤ አስቸጋሪው የዚህ ተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ይኸውም ሰው አገሬ ወደሚለው ስፍራ ከገባ በኋላ ወይም ወደዚያው በመጓዝ ላይ ሳለ ልቡ ወደ ኋላ ዞሮ በእንግድነት የኖረበትን፣ ምናልባትም የተገፋበትን አገር የጓዳና የገበያ ኑሮ ማሰብ ሲጀምር የሚነሣው ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ትዝታ ለአምላክም ሆነ ለወገን አለመታመን ተደርጎ የተቈጠረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚህ ፍርድ እንደ ማስረጃ ከሚቀርቡት ዋነኛው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 የተጻፈው የእስራኤላውያን ማጉረምረም ነው።

ከግብፅ የወጣው ሕዝብ በምድረ በዳ ሳለ ሥጋ አማረው፣ አለቀሰም፣ በግብፅ ይበላው የነበረውንም አንድ በአንድ ቈጠረ። የቈጠረው ስድስት ነገር ነው፤ ዓሣ፣ ዱባ፣ በጢሕ፣ ኩራት፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። በጢሕ የሐብሐብ ዓይነት ፍሬ ሲሆን ኩራት ደግሞ ዛሬ በገበያ ባሮ ሽንኩርት የሚባለው ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የፈርዖን ግብር፣ የቤተ መንግሥቱ ወርቅ፣ የከተሞቹ ግርማ አንዳቸውም አለመግባታቸው ሊስተዋል ይገባል። የተቈጠረው ሁሉ የሠራተኛ ምግብ ነው፤ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም በታላቁ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞቹ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የወጣው ወጪ ተጽፎ እንደነበረ መዝግቧል። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥና ጡብ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ እጁን ታጥቦ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚቈርሰው ይህንኑ ነበር፤ ስለዚህ ሕዝቡ የናፈቀው ግብፅን እንደ መንግሥት ሳይሆን በግብፅ ውስጥ የራሱ የነበረችውን ጥቂት ሰዓት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የትርጓሜ ሊቃውንትን ያስጨነቃቸው ሕዝቡ ዓሣውን ያለ ዋጋ እንበላው ነበር ማለቱ ነው። በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ራሺ (1040–1105) የቀደሙትን መምህራን ተከትሎ፣ ለጡብ የሚሆነውን ገለባ እንኳ የከለከላቸው መንግሥት ዓሣ በነፃ ሊሰጣቸው እንደማይችል ካስረዳ በኋላ፣ ነገሩ ከትእዛዝ ነፃ ሆነን እንበላ ነበር ለማለት ነው ሲል ተርጕሞታል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ራምባን (1194–1270) ግን ይበልጥ ለኑሮ የቀረበ ማብራሪያ አለው፤ ግብፃውያን ዓሣ ሲያጠምዱ ባሪያዎቹን መረብ ያስጐትቷቸው፣ ከተያዘውም ያካፍሏቸው ነበር ይላል። ሁለተኛው ትርጓሜ የበለጠ ያሳምናል፤ ምክንያቱም መረብ ሲጐትት ውሎ ጥቂት ዓሣ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የሚያስታውሰው ደስታ ሐሰት አይደለምና ነው። ዓሣው ነበረ፣ መዓዛውም ነበረ፣ የልጆቹ መሰብሰብም ነበረ። የጐደለው ሌላው ወገን ነው፤ ጅራፉ፣ የጡቡ ቍጥርና በወንዙ ውስጥ የተጣሉት ሕፃናት ከትዝታው ተፍቀዋል። ዓሣው የተገኘበት ወንዝ ሕፃናቱ የተጣሉበት ያው ወንዝ ነው፤ የሕዝቡ በደል የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። የገዛ አፉ ጣዕሙን የመሰከረለትን ምግብ ስላሰበ ሳይሆን ዋጋውን ከሒሳብ በማውጣቱ ሲሆን፣ ይህ ዋጋው የተፋቀ ትዝታ ብዙም ሳይቈይ በምዕራፍ 14 ላይ አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ ወደሚል አሳብ ማደጉ የበደሉን ክብደት ያሳያል።

ያለፈው መከራ ከትዝታ እንዴት ሊለይ እንደሚችል ከማንም በላይ በጥልቀት የመረመረው ሰሜን አፍሪካዊው የቤተ ክርስቲያን አባት ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ 10ኛ ክፍል፣ ሰው ያለፈ ኀዘኑን ሳያዝን፣ ያለፈ ደስታውንም ሳይደሰት ማስታወስ እንዴት እንደሚችል ሲጠይቅ ትዝታን የነፍስ ሆድ ብሎታል፤ ጣፋጩም መራራውም ወደዚያ ይወርዳል፣ እዚያ ከገባ በኋላ ግን ጣዕሙ አይለይም። ይህ አስተያየት ለያዝነው ጥያቄ ትልቅ ረድኤት አለው። መከራው ሕመሙን ትቶ በትዝታ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በባዕድ አገር የተሠቃየ ሰው የዚያን አገር ማለዳ በደስታ ማሰቡ ሕሊናው ስለደነዘዘ ሳይሆን የትዝታ ጠባይ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ስለለቀቀ ብቻ እውነቱን መጠበቅ የሰው ኀላፊነት መሆኑ አይቀርም፤ የመውጣቱን በዓል፣ ማለትም ፋሲካን፣ ኦሪት ከመራራ ቅጠል ጋር እንዲበላ ያዘዘችው ጣዕም የሌለውን ትዝታ በምላስ ላይ መልሳ ለማስቀመጥ ይመስላል።

የምድረ በዳው ኑሮ ራሱ ከጊዜ በኋላ የደረሰበት ዕጣ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። ሕዝቡ በግብፅ ሽንኩርት ሲያለቅስ በፊቱ የነበረው መና ዘሩ ድንብላል የሚመስል፣ በወፍጮ የሚፈጭ ወይም በሙቀጫ የሚወቀጥ፣ በምንቸት ተቀቅሎ እንጎቻ የሚሆን ምግብ ነበረ። ሰዎቹ በየማለዳው ከድንኳን ወጥተው ይለቅሙታል፣ ፀሐይ ሲበረታ ስለሚቀልጥ ይቸኩላሉ፣ ዓርብ ዓርብ እጥፍ ይሰበስባሉ። በዚያን ጊዜ ነፍሳችን ሰለቸችው የተባለለት ይህ ኑሮ ነው፤ ከዘመናት በኋላ ግን ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ራሱ ያንን የምድረ በዳ ጊዜ እንደ ሙሽርነት ወራት በፍቅር እንደሚያስበው ተናግሯል። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 23 ሕዝቡ በየዓመቱ ሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጥ ስታዝዝ፣ እንዲታሰብ የመረጠችው መኖሪያን ነው፤ ቅጠል ከላይ፣ መሬት ከታች፣ ማዕድ በመካከል። እንግዲህ የመንገድ ላይ ተራ ኑሮ በአምልኮ ውስጥ የሚታሰብ ከሆነ፣ ትዝታው በራሱ ኃጢአት ነው የሚለው ፍርድ ሊጸና አይችልም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ የራቀ ልማድ የላትም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ዘመነ ጽጌ ማለትም የአበባ ወራት በሚባለው ጊዜ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ታሪክ በማኅሌት ይታሰባል። በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ ስለዚያ ስደት የሚነገረው ትውፊትም በአብዛኛው የቤት ኑሮ ነው፤ የተጠለሉበት ዛፍ፣ ውኃ የጠጡበት ምንጭ፣ ማታሪያ በሚባለው ስፍራ የሕፃኑ ልብስ የታጠበበት ውኃ የፈሰሰበት መሬት በለሳን ማብቀሉ። ስደቱ ከሄሮድስ ሰይፍ የተነሣ ነበረ፤ ቢሆንም የሚዘከረው ከአበባ ጋር ነው።

በዘመናችን ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው የተሸከሙ ሕዝቦች ካሉ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በጎንደርና በሰሜኑ ክፍል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ ራሳቸውን በስደት እንዳሉ ይቈጥሩ ነበር፤ ጸሎታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ነበረ፤ ከዕለተ ስርየት በኋላ በ50ኛው ቀን በሚከበረው ስግድ ጾመው ተራራ ይወጣሉ፣ ቄሶቹ ኦሪትን ያነባሉ፣ ከዚያም ወርደው በደስታ ይበላሉ። ርስት፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የመሬት መብት፣ ተነፍጓቸው ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ የሠሩትን ማረሻና እንስራ የሚገዛው ጎረቤት ራሱ ቡዳ እያለ ይፈራቸው ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። የተጸለየለት አገር ተገኘ፤ ሆኖም በቂርያት ማላኪ ወይም በነታንያ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አረጋውያን ሲጨዋወቱ ደጋግመው የሚያነሡት ወንዙን፣ የሰንበቱን ዳቦ፣ ሸክላ ሲተኰስ የሚወጣውን ጢስ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ገበያ መውረዱን ነው። ከእነርሱ የተወለዱ ልጆች ታዲያ የተሰደባችሁበትን አገር ለምን ትናፍቃላችሁ ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ መልሱ ግን አረጋውያኑ ስድቡን ስለረሱ አይደለም። ስድቡንም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፣ ጎረቤቱ በወሊድና በኀዘን ጊዜ በር ላይ ቆሞ መጠየቁንም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ መቻላቸው በምድረ በዳ ያለቀሰው ሕዝብ ያልደረሰበት የትዝታ ብስለት ነው። እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገችው ወዲህም ቄሶቹ ጃንጥላ ዘርግተው በኢየሩሳሌም ሲጸልዩ፣ ናፍቆትን የተማሩት በጎንደር ተራሮች ላይ መሆኑ በዜማቸው ይታወቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ከዓረብ አገር የሚመለሱት ሴቶች ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸው ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ በከፋላ ሥርዓት፣ ይኸውም የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር በሚታሰርበት አሠራር፣ በሰው ቤት ያገለገሉ ናቸው። እንዲህ ካለ ቤት የተመለሰች ሴት ሻይ ስታፈላ ናና ቅጠል ትጨምራለች፣ ሩዝ ስትቀቅል ሄልና ቀረፋ ታገባበታለች፣ ጠጉሯን እየነካካ ያንቀላፋ የነበረው ሕፃን አሁን ስንት ዓመት ሆኖት ይሆን ብላ ታስባለች። ዘመድ የሚጠይቃት ግን ስላመጣችው ገንዘብ ወይም ስለደረሰባት ግፍ ብቻ ነው፤ ስለ ሕፃኑ ብታነሣ እንዲያ ያንገላቱሽን ሰዎች ልትናፍቂ ነው ወይ ስለምትባል ዝም ትላለች። ክርስቲያን ሆና ሳለ ስሟን ወደ ሙስሊም ስም ለውጣ የሄደች ከሆነች ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርባታል፤ በረመዳን ማታ በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ የነበረውን ጫጫታ በደስታ ማሰቧ እምነቷን የሚነካ እየመሰላት ለንስሐ አባቷ ለመንገር ትቸገራለች። ይህ ፍርሃት ሊቀልላት ይገባል። ያሰበችው ማዕዱን እንጂ አምልኮዋን መለወጧን አይደለም፤ ለሕፃኑ የሰጠችው ፍቅርም የደመወዝ ውሏ ያላስገደዳት፣ ከራሷ የወጣ መልካም ሥራ ስለሆነ ከአሠሪዋ ግፍ ጋር አብሮ ሊጣል አይገባውም። ይህ ፍቅር ከተጣለ በዚያ ቤት የኖረችው ዓመት ሁሉ የአሠሪዋ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የመሰለ ሚዛን ኦሪት ራሷ አስቀምጣለች። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 እስራኤላዊ ግብፃዊውን እንዳይጠላው ታዝዛለች፤ የምትሰጠው ምክንያትም በአገሩ እንግዳ ሆኖ መኖሩን ነው። ራሺ ይህን ሲተረጕም፣ ወንዶች ልጆቻችሁን በወንዝ የጣሉ ቢሆኑም በችግራችሁ ጊዜ ማደሪያ ሆነውላችኋል ይላል፤ ይኸውም ያዕቆብና ልጆቹ በረኃብ ዘመን ወርደው በጌሴም መሬት ተሰጥቷቸው የተቀመጡበትን ጊዜ ማስታወሱ ነው። ግፉ በዚህ ትእዛዝ አልተሰረዘም፤ ሕዝቡ በየዓመቱ የባርነቱን ታሪክ ለልጆቹ እንዲነግር ከታዘዘው ትእዛዝ ጋር ጎን ለጎን ቆሟል። በዚያው ምዕራፍ አሞናውያንና ሞዓባውያን እስከ ዐሥር ትውልድ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ በለዓምን ለእርግማን ከመቅጠራቸው አስቀድሞ የተጠቀሰባቸው በደል ከግብፅ የሚመጣውን መንገደኛ ሕዝብ እንጀራና ውኃ ይዘው አለመቀበላቸው ነው። እንጀራ የከለከለው ዐሥር ትውልድ ሲርቅ፣ ሕፃናትን የገደለ ነገር ግን አስቀድሞ ያበላ የነበረው ሕዝብ ልጆች በሦስተኛው ትውልድ ይገባሉ።