አስጎብኚው ምን ይንገረን?

ሰው የማያውቀውን አገር ለማየት ሲነሣ መንገዱን የሚመራውና ያየውን የሚተረጉምለት ሌላ ሰው ይሻል። ወደ ገዳማት የሚጓዘው ተሳላሚም ሆነ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዘዋወረው ሲራራ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ መሪ ነበረው። ይሁን እንጂ ማለዳ ተነሥቶ፣ ዝነኛ ቅርሶችን ከነማብራሪያቸው አይቶ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ የተደራጀ የጎብኚ ቡድን የቅርብ ዘመን ፍጡር ነው። የተወለደውም ከባቡር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841 ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ የእንጨት ሥራ ባለሙያ 500 ያህል ሰዎችን በባቡር አሳፍሮ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ወሰደ፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ያስከፈለው አንድ ሽልንግ ነበር። ሰዎቹ የሄዱት መጠጥን ለመቃወም ወደተጠራ ስብሰባ እንጂ ሐውልት ለማየት አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያው ሰው ወደ ሊቨርፑል ላዘጋጀው ጉዞ የመምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ማየት የሚጀምረው ገና ከቦታው ሳይደርስ ሆነ፤ ምን እንደሚያይና በምን እንደሚደነቅ አስቀድሞ ተነግሮታልና።

በዚህ ዓይነቱ ጉብኝት ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ብዙ ነው። «በግማሽ ሰዓት ምን ይታያል? ፎቶግራፍ አንሥቶ መመለስ ጉብኝት ነው ወይ?» ይባላል። ነቀፋው በከፊል እውነት ቢሆንም የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜና ገንዘብ ከተረፈው ሰው አንደበት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የወረዳው መምህር፣ የገበሬው ልጅ ያላቸው አንድ እሑድ ነው። ሳምንት ሙሉ ከቅርሱ ሥር ተቀምጦ መመራመር የሚችል ሰው በአንዲት እሑድ የሚመጣውን ቢንቅ፣ የሚንቀው የሰውየውን ኑሮ እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉብኝት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ ሊያቆየን አይገባም። የሚያከራክረው ሌላ ነው። ጎብኚው ያለው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ በዚያች ቀን የሚነገረው ቃል ለዕድሜ ልኩ የሚይዘው ይሆናል። እንግዲያስ አስጎብኚው ምን ሊነግረው ይገባል?

ይህን ጥያቄ በወላይታ ምድር ላይ አቁመን ብንመረምረው ይጠቅማል። ወደ ወላይታ ሐዲድ አልተዘረጋም። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ አዲስ አበባ ሲገባ እ.ኤ.አ. 1917 ነበር፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር የኩክን ባቡር የሚተካው አውቶቡስ ነው። ከሐዋሳ ወይም ከአርባ ምንጭ በማለዳ የተነሣ የመምህራንና የተማሪዎች ቡድን ረፋዱ ላይ ወላይታ ሶዶ ይገባል። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል በመሆኗ ለስብሰባ የሚመጣ እንግዳም አታጣም። ከበላይዋ ቁመቱ 2,900 ሜትር ያህል የሆነው የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ለእንግዶቹ የአንድ ቀን ፕሮግራም ቢነደፍ ዳሞታ፣ የሞቼና ቦራጎ ዋሻ፣ የካዎ አማዶ ካብ፣ ሰዓት ከተረፈም የአጆራ ፏፏቴ ይገኙበታል። («ካዎ» በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው።)

ከእነዚህ ሁሉ አስጎብኚን የሚፈትነው ሞቼና ቦራጎ ነው። በተራራው ጎን የተከፈተ ሰፊ የአለት ጥላ ነው እንጂ እንደ ላሊበላ የተወቀረ ዓምድ፣ እንደ አክሱም የቆመ ድንጋይ የለበትም። ፈረንሳውያን አጥኚዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ፣ ቀጥሎም ከ2006 (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የተመራ ቡድን ወለሉን ቆፍረው መርምረውታል። በአፈሩ ንብርብር ውስጥ ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በዚያ ያደሩ ሰዎች የጠረቧቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከምርምሩ ጥያቄዎች አንዱም የአየሩ ጠባይ ደረቅና ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን ይህ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለሰው ልጅ መጠጊያ ሆኖ ነበር ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ታላቅ ነው። ነገር ግን ከአውቶቡስ ወርዶ ዳገቱን ያለከለከ ተማሪ የሚያየው ጥላ፣ አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው። «ታዲያ እዚህ ምን አለ?» ይላል።

በዚህች ቅጽበት አስጎብኚው ይፈተናል። እንግዳው እንዳይከፋ ሲል ዋሻውን የመጀመሪያው ሰው ቤት፣ የዓለም ሥልጣኔ መነሻ፣ ወደር የሌለው ድንቅ ሊያደርገው ይችላል። ጭብጨባም ያገኝበታል። እኛ ግን ይህን ማባበያ ከውሸት ለይተን አናየውም። ዕድሜው 50,000 ዓመት የሆነ የሰው ልጅ የእጅ ሥራ ማጋነኛ የሚያሻው፣ ሰሚው ምን ማለት እንደሆነ ስላልተነገረው ነው። ባልጩት ስለት አለው፤ ስለቱን ለማውጣት ድንጋዩን የት ላይና በምን ያህል ኃይል መምታት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም አንዱ ለሌላው ያስተምረዋል። በዚያ ጥላ ሥር መምህርና ተማሪ ነበሩ ማለት ነው። የዛሬው መምህር ይህን በክፍል ውስጥ ቀደም ብሎ ቢያስረዳ ኖሮ ልጁ «ምን አለ?» ባላለም ነበር። (ከወለሉ ስብርባሪ አንሥቶ ለማስታወሻ ኪሱ የሚከት ጎብኚም እንዳይኖር ቢነገር መልካም ነው። የድንጋዩን ዘመን የሚናገረው የተገኘበት ንብርብር ነው፤ ከቦታው የተነሣ ባልጩት አንዲት ጥቁር ጠጠር ብቻ ትሆናለች።)

ወደ ካዎ አማዶ ካብ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ይህ ለዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ንጉሥ ያሠራው የመከላከያ ካብ ነው፤ አገሬው ኬላ ይለዋል። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ምድር ያለው የሐላላ ኬላ ዝናው ከዚህ የሰፋ ሲሆን፣ በስሙ የተጠራ የመዝናኛ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተመረቀ ወዲህ ይበልጥ ታውቋል። ኬላ የሚለውን ቃል በአማርኛ የምናውቀው መንገደኛ የሚፈተሽበት፣ ዕቃ የሚቀረጥበት በር በመሆኑ ነው። ቃሉ ራሱ ያስታውሰናል፤ ካብ የሚካበው አንዱን ለማስገባት ሌላውን ለማስቀረት ነው።

የቅርስ ስም አብዛኛውን ጊዜ የአዛዡ ስም ነው። «የአማዶ ካብ» ሲባል ድንጋዩን የፈነቀለው፣ የተሸከመው፣ የደረደረው ሰው ከስሙ ውስጥ የለም። ይህ በወላይታ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የጎንደር ግንብም የፋሲል ነው። በወላይታ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ድንጋይ የሚፈነቀለው በብረት ነው፤ ብረቱን የሚሠራው ቀጥቃጩ ነው፤ ቀጥቃጩም፣ ቺናሻ የተባለው ሸክላ ሠሪም፣ ደጌላ የተባለው ቆዳ ፋቂም ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው፣ ተንቀው የኖሩ ናቸው። አገሩን ከጠላት የጠበቀው ካብ የቆመው አገሩ በናቀው እጅ መሣሪያ ነው። አስጎብኚው ካዎ አማዶን አወድሶ ይህን ቢያልፈው ከፊሉን ሠሪ ደግሞ ደብቆታል። እርግጥ የንጉሡን አርቆ አሳቢነት መናገር ይገባል፤ ያን ያህል ሰው አስተባብሮ ማሠራት ቀላል አይደለም። ያስተባበረውንና የተሸከመውን አንድ ላይ ለመናገር ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደሚከብደው እንግባ። ካቡ እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1894) ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ዘመቻ ወላይታን ወጋ። የመጨረሻው ካዎ ጦና ጋጋ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሔም ያየውን እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ የተገደለው ሰውና የተነዳው ምርኮኛ ብዛት ዛሬም ሲነበብ ያስደነግጣል።

አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በካቡ ሥር ቆሟል እንበል። ከመካከላቸው ቅድመ አያቱ ከዘመቻው ጋር የመጣ መምህር አለ፤ ቅድመ አያቷ በዚያው ዘመቻ ተማርካ የተነዳች መምህርትም አለች። ሁለቱም ምሳቸውን በአንድ ገበታ በልተዋል። አስጎብኚው ይናገር ወይስ ይለፈው?

ማለፍን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር የሚናቅ አይደለም። «እንግዳ ሊደሰት መጥቷል፤ ቁስል መነካካት ለአብሮነት አይበጅም፤ ሙታኑን የሚቀሰቅስ ሕያዋኑን ያጣላል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙዎቹ በቅንነት ነው። ነገር ግን ዝምታው ለሁለቱ መምህራን እኩል እንዳልሆነ አላስተዋሉም። የመምህሩ ቤተሰብ ታሪኩን በኩራት ሲያወራው ኖሯል፤ የመምህርቷ ቤተሰብ በሹክሹክታ አቆይቶታል። አስጎብኚው ዝም ሲል የመምህሩን ታሪክ እንዳለ ይተወዋል፣ የመምህርቷን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ያፍነዋል። በጥፋት የሚጠየቀው አድራጊው ነው፤ የልጅ ልጅ በአያቱ ሥራ አይከሰስም። ዕውቀት ግን እንደ መሬት ይወረሳል፣ ወራሹም ድርሻውን ማወቅ ይገባዋል። መምህሩ ሲሰማ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ እንዳይሰማ ቢደረግ ግን እንደ ሕፃን ተቆጥሯል።

ይህ ሲባል ካቡን የክስ አደባባይ እናድርገው ማለት አይደለም። የ1887ን ዘመቻ ብቻ ተርኮ ከዚያ በፊት የነበረውን እንደ ገነት የሚስል አስጎብኚም አለ። የወላይታ ነገሥታትም ጎረቤቶቻቸውን ወግተዋል፤ በግዛታቸውም ባሪያ ነበር፣ የተናቀ የእጅ ባለሙያም ነበር። አንዱን እውነት ሌላውን ለመሸፈኛ የሚጠቀምበት ተራኪ፣ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰሚውን አሳስቶታል።

ደግሞም አማርኛ በግሡ ብቻ ፍርድ ይሰጣል። አስጎብኚዎች «ዐፄ ምኒልክ ዘመቱ» ብለው በዚያው ትንፋሽ «ጦና ተማረከ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አንዱን ንጉሥ በአንቱታ፣ ሌላውን እንደ ሎሌ! ተናጋሪው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት የለመደው አነጋገር ነው። ነገር ግን ተማሪው ከማብራሪያው ሁሉ ረስቶ ይህችን ልዩነት ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ማን ሰው እንደሆነና ማን እንዳልሆነ በአንዲት ፊደል ተምሯል። ሁለቱንም «ተማረኩ፣ ዘመቱ» ብሎ ለመጥራት በጀትም መመሪያም አይጠይቅም።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አይቀር፣ በወላይታ ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ተቃወመ፤ ሕይወትም ጠፋበት፤ መጽሐፉም ተነሣ። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ሌላ ሰው በሠራለት ቃል እንዲናገር ሲገደድ ምን እንደሚሰማው የዚህ አገር መምህራን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። አስጎብኚነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በካቡ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ እያሉ ከከተማ የመጣ ወጣት በእጁ በያዘው ወረቀት ስለ እርሳቸው አገር ሲያወራ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከጎብኚዎቹ ኋላ ቆመው ሲያዳምጡ ማየት የሚያሳፍር ነው።

እኒያው ሽማግሌ ሌላም ጥያቄ አላቸው። ወላይታ እርሻው ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ እንሰቱና ቡናው በጓሮ ተጨናንቆ ይበቅላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከካቡ የወደቀ ድንጋይ ለቤት መሠረት ወይም ለበረት ቢነሣ «ቅርስ አፈረሰ» ብሎ መጮህ ይቀላል። ድንጋዩን እንዲጠብቅ የምናዘው ገበሬ ግን አያቶቹ የተሸከሙትን እንደገና እንዲሸከም እየጠየቅነው ነው። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሲመለስ ለእርሱ ምን ተረፈ? ከጎብኚው የሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ወይም ለመንገዱ ጥገና እንዲውል ካልተደረገ፣ ጠብቅ የሚለው ቃል ለገበሬው እንደ ጥንቱ የንጉሥ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማዋል።

ስለዚህ ከሽማግሌው እንጀምር። ለእንግዶቹ መጀመሪያ እርሳቸው በወላይትኛ ይናገሩ፤ አስጎብኚው ይተርጉም፤ ከመጽሐፍ የሚያውቀውንም ከዚያ በኋላ ይጨምር፤ የሁለቱ ቃል ሲለያይ መለያየቱን በግልጽ ይንገር። የወላይታ ትውፊት ከራሱ ነገሥታት የሚቆጥረው ሞቶሎሚ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ንጉሥ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱ ትረካዎች ግን ንጉሡን በአንድ ዐይን አያዩትም። ተማሪዎቹ ይህን ሁለትነት ሰምተው በመመለሻው መንገድ ቢከራከሩበት ጉብኝቱ ገና አላለቀም። በትርጉም መናገር ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፤ የቡድኑ መሪም የምሽቱ ፏፏቴ እንዳያመልጥ ይጨነቃል። አጆራ አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል የሚወረወሩበት ውብ ሥፍራ ነው። የግድ ከሆነ ለዚያ ቀን ከፕሮግራሙ ይውጣ።