የመራጭ ዕዳ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚያጋጥሙት ከባድ ሥራዎች አንዱ ከብዙዎች መካከል ጥቂቶችን መምረጥ ነው። ድንጋይ መፍለጥ ክንድን ያደክማል፤ መዝገብ መመርመር ዓይንን ያደክማል፤ ሰውን ከሰው መምረጥ ግን የሚያደክመው ኅሊናን ነው። መምህር ሲሸልም፣ ሹም ሲያሳድግ፣ አባት እንኳ ከልጆቹ አንዱን ወደ ትምህርት ቤት ልኮ ሌላውን ለእርሻ ሲያስቀር፣ የተመረጠው ይደሰታል፤ መራጩም ከእርሱ ጋራ ይደሰታል። ያልተመረጠው ግን ምን ይሆናል? መራጩስ ለእርሱ የሚከፍለው ዕዳ አለበትን? ወይስ ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ ነገሩ በዚያው አልቋል ለማለት ይቻላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ እንደ ዐቅም መመርመር ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ለምርመራው ይረዳን ዘንድ የአንድ ሩቅ አገር ሰው ኑሮ እንመልከት። ይኸውም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን የጀልባ ቀዘፋ የሚያሠለጥነው ሰው ኑሮ ነው። ምሳሌው ሩቅ መሆኑ ይጠቅመናል፤ ቅርባችን ያለውን ስንመረምር ወዳጅነትና ቂም ሊገቡብን ይችላሉና።

በዚህ ውድድር በታወቀችው ጀልባ ላይ የሚቀዝፉት 8 ሰዎች ናቸው። ጀልባዋ ርዝመቷ 18 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወርዷ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ቀጭን ናት። እያንዳንዱ ቀዛፊ አንዱን መቅዘፊያ በሁለት እጁ ይይዛል፤ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ይስባሉ። ቀዛፊዎቹ የሚቀመጡት ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው፤ የሚያዩት ያለፉትን ውሃ እንጂ የሚደርሱበትን ዳርቻ አይደለም። ወደ ፊት የሚያየው መሪውን ይዞ የሚያዝዘው 9ኛው ሰው ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ በዚህች ጀልባ ላይ ግን ሸክምን መካፈል ብቻውን አይበቃም። ከስምንቱ አንዱ መቅዘፊያውን ከባልንጀሮቹ በጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ውሃው ውስጥ ቢያገባ ጀልባዋ ትናወጣለች፤ የሌሎቹም ድካም በከፊል ከንቱ ይሆናል።

የአሠልጣኙ አዲስ ዘመን የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በመስከረም ገደማ ነው። ከዓምና ቀዛፊዎች አንዳንዶቹ ተመርቀው ሄደዋል፤ በምትካቸው መቅዘፊያ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ፣ ቁመታቸውና ጉጉታቸው ብቻ ያመጣቸው ወጣቶች ይቆማሉ። አሠልጣኙ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ በዚያ ሰዓት ነፋሱ አልተነሣም፣ ውሃውም ጸጥ ብሏል፣ ተማሪዎቹም ከክፍል ትምህርታቸው በፊት ነፃ ናቸው። ሞተር ባላት ትንሽ ጀልባ ከጎናቸው እየተከተለ፣ በአንድ እጁ የሰዓት መቁጠሪያ፣ በሌላው የድምፅ ማጉያ ይዞ፣ የአንዱን ጀርባ፣ የሌላውን ክንድ፣ የሦስተኛውን ጉልበት ይመለከታል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ይደግማል፤ ዛሬ የተናገረውንም ነገ ይደግማል። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ በረዶ በሚሆንበት አገር ደግሞ ሥራው ወደ አዳራሽ ይገባል፤ እዚያም ተማሪዎቹ በቀዘፋ መኪና ላይ ተቀምጠው ላባቸውን እያፈሰሱ የ2000 ሜትር ፈተና ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ የወራት ድካም በጸደይ ወራት ለሚደረጉ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለሚወስዱ ውድድሮች ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለአሠልጣኙ የሚከብደው ንጋት ላይ መነሣቱና ብርዱ አይደለም። የሚከብደው 8ቱን ስም የሚጽፍበት ቀን ነው። አርባ ሰው ደክሞ ሳለ በዋናው ጀልባ የሚቀመጠው ስምንት ነው። መኪናው የክንድንና የእግርን ኃይል በቁጥር ይናገራል፤ ነገር ግን ያ ኃይል ጀልባዋን ወደ ፊት ይገፋት ወይም ያናውጣት እንደ ሆነ አይናገርም። ስለዚህ አሠልጣኞች ሌላ ሚዛን አላቸው። ሁለት ጀልባዎችን ያወዳድሩና ልዩነቱን ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ከአንዱ ጀልባ አንድ ሰው፣ ከሌላው አንድ ሰው ቦታ አለዋውጠው በዚያው ርቀት ዳግመኛ ያወዳድራሉ። ልዩነቱ ወደ ማን እንዳዘነበለ ያን ጊዜ ይታያል። በመኪናው ላይ ደካማ የመሰለው ሰው በገባበት ጀልባ ሁሉ ጀልባዋ ስትፈጥን የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ መልካም ሚዛን ነው፤ ሆኖም ነፋስ ይለወጣል፣ ሰውም ይደክማል። የመጨረሻው ፍርድ ዞሮ ዞሮ በሰው ኅሊና ላይ ይወድቃል።

ከ1927 እስከ 1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ቀዛፊዎች ያሠለጠነው አል ኡልብሪክሰን ይህን ፍርድ ከቀመሱት አንዱ ነው። በ1935 የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የሆኑትን ወጣቶች ለዋናው ጀልባ ከመረጣቸው በኋላ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ፖኪፕሲ ላይ የሚደረገው ታላቁ ውድድር ሲቃረብ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሁለተኛው ጀልባ አወረዳቸው። የወረዱት በሁለተኛዎቹ ውድድር አሸነፉ፤ በቦታቸው የገቡት ግን በዋናው ውድድር ሦስተኛ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎቹን ፈታትቶ፣ ከልዩ ልዩ ጀልባ አቀላቅሎ፣ አዲስ ስምንት አቋቋመ። እነዚህም በ1936 በፖኪፕሲ አሸንፈው፣ ወደ በርሊን ኦሊምፒክ የሚያሳልፈውንም ውድድር አሸንፈው ሄዱ።

በበርሊን ያጋጠመው ነገር ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። ለሌሎቹ የአቀዛዘፉን ምት የሚሰጠው ዶን ሂዩም ታሞ፣ ሰውነቱ ከስቶ ተኛ። ኡልብሪክሰን በእርሱ ፈንታ ተጠባባቂውን ሊያስገባ ወሰነ። ቀዛፊዎቹ ግን ያለ ሂዩም አይሆንልንም ብለው ለመኑት፤ እርሱም ተመልሶ ሂዩምን አስገባ። ነሐሴ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ግሩናው በተባለው ስፍራ፣ ሂትለር በተመልካችነት በተገኘበት፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ ተነሥተው በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሴኮንድ አንደኛ ወጡ። ኢጣልያ በ6 ደቂቃ ከ26.0፣ ጀርመን በ6 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ተከተሉ። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት አንዲት ሴኮንድ ብቻ ነበረች።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ «አሠልጣኙ ትክክል ፈረደ» ይላል። እኔ ግን አንባቢው ጥቂት እንዲቆይ እለምናለሁ። ያቺ አንዲት ሴኮንድ ወደ ሌላ ወገን አዘንብላ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም በሽተኛው በመንገድ ላይ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ኖሮ፣ ያው ፍርድ ስሕተት ይባል ነበርን? ፍርዱ የተሰጠው ከውድድሩ በፊት ነው፤ ውጤቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ፍርዱን ጻድቅ ወይም ኃጥእ ሊያደርገው አይችልም። ደግሞም ድሉ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ሰው አለ። እርሱም ግባ ተብሎ የነበረውና እንደ ገና ውጣ የተባለው ተጠባባቂ ነው። እርሱ አልሰነፈም፣ አላጠፋምም። ለእርሱ የሚገባው ምን ነበር?

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት መልስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ «የአሠልጣኙ ዕዳ ለጀልባዋ ብቻ ነው፤ ለቀረው ሰው ማዘን ሥራን ያበላሻል» ይላሉ። እነዚህ የዘነጉት ነገር አለ። ስምንቱን ብርቱ ያደረጋቸው ከኋላቸው የነበሩት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቦታህን እወስዳለሁ ብሎ በየንጋቱ የሚፎካከር ባይኖር ኖሮ፣ በቦታው ያለው ሰው ይህን ያህል ባልተጋ ነበር። ስለዚህ ያልተመረጠው በድሉ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ድርሻ ላለው ሰውም ዕዳ አለበት። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ሁሉም ደክሟልና ሁሉም በተራ ይግባ» ይላሉ። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን አርባውን ሁሉ መዋሸት ነው። በርትቶ የሠራውንና ያልሠራውን እኩል ማድረግ፣ የሁለቱንም ድካም ዋጋ ማሳጣት ነውና።

እንደ እኔ አስተያየት መራጭ ለቀረው ሰው ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛው እውነተኛ ሚዛን ነው፤ ሰውን በዘሩ፣ በወዳጅነቱ ወይም በአንደበቱ ሳይሆን በሥራው ደጋግሞ መመዘን። ሁለተኛው ምክንያቱን ፊት ለፊት መንገር ነው፤ ስሙ ከሌለበት ከተለጠፈ ወረቀት ላይ እንዲያነብበው መተው አይገባም። ሦስተኛው በማግስቱ እንደ ትናንቱ ማስተማር ነው፤ የዛሬ ፍርድ ስለ ዛሬ ኃይሉ የተሰጠ እንጂ ስለ ሰውየው ሁለንተና የተሰጠ አይደለምና። በ1935 የወረዱት ሰዎች በወረዱበት ጀልባ ሳሉም ሥልጠናቸውን ባያገኙ ኖሮ፣ ከመካከላቸው በ1936 ወደ በርሊን የሚሄድ ባልተገኘም ነበር።

ይህን የምጽፈው ሁለተኛውን ዕዳ ሳልከፍል ስለ ቀረሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ክፍል ካሉት አምስት ጸሓፊዎች ሁለቱን ለሥልጠና እንድመርጥ ታዘዝሁ። ሥራቸውን መርምሬ፣ ያለ አድልዎ መረጥሁ፤ እስከ ዛሬም ምርጫው ትክክል እንደ ነበረ አምናለሁ። ከቀሩት አንዱ በዕድሜ የሚበልጠኝ ትጉህ ሰው ነበር። የቀረበት ምክንያት በሒሳብ በኩል ያለው ጉድለት ነበር፤ ይህንንም ብነግረው ያፍራል ብዬ ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ማፈሩን የፈራሁት ለእርሱ ሳይሆን ለራሴ ነበር። እርሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሰላምታውን ሰጥቶኝ ወደ ጠረጴዛው ይሄድ ነበር እንጂ ከእኔ ጋራ ሌላ ቃል አይለዋወጥም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጡረታ ሊሰናበት ሲል፣ ጠርቼ ምክንያቱን ነገርሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ጠላት የተናገረብኝ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ ሒሳቡን ከልጄ ጋራ ማታ ማታ እማረው ነበር» አለኝ። ከዚህ በላይ አልወቀሰኝም፤ እጄን ጨብጦ ወጣ።

ሚዛኔ እውነተኛ ነበር፤ ዝምታዬ ግን ከአንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሰደ። መምህራን ውጤት ስትሰጡ፣ ሹማምንት ሹመት ስትሰጡ፣ እናንተም ተማሪዎች ነገ በእነርሱ ወንበር ስትቀመጡ፣ የመረጣችሁትን ሰው እንኳን ደስ ያለህ ከማለታችሁ በፊት ወደ ቀረው ሰው ሂዱና ምክንያቱን በገዛ አፋችሁ ንገሩት። የተመረጠው ጥቂት ቢቆይ አይጎዳም።