በዋሻው ደጃፍ የተኛው ውሻ



ዛሬ ጁሙዐ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። የዋሻውን ወጣቶች ታሪክ ስንቀራ ግን አንድ ነገር ሳናስተውል እናልፋለን። እነዚያ ወጣቶች ዲናቸውን ይዘው ሲሸሹ ውሻቸው አብሯቸው ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በ18ኛው አንቀጽ ላይ ውሻው የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ እንደነበር ይነግረናል። በ22ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሰዎች ስለ ወጣቶቹ ቁጥር ሲከራከሩ፣ ሦስት ናቸው ያሉትም፣ አምስት ያሉትም፣ ሰባት ያሉትም ውሻውን አብረው ቆጥረውታል። በጠቅላላው አራት ጊዜ ተወስቷል። ሱብሓነላህ! እስከ ቂያማ በሚቀራ ቃል ውስጥ ለአንድ ውሻ ቦታ ተሰጠው።

ይህን ሱራ የቀራ ወጣት ከመስጊድ ወጥቶ፣ ጥግ ይዞ በተኛ ውሻ ላይ ድንጋይ ሲያነሳ ማየት ያሳዝናል። ለምን ሲባል «ነጃሳ ነው» ይላል። ወንድሜ፣ የነጃሳ ሑክም አንተ እንዴት እንደምትጸዳ የሚነግርህ ነው። እንስሳውን እንድታሰቃይ የተሰጠህ ፈቃድ አይደለም። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው።

ሑክሙን በአጭሩ እናስታውስ። ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንዲሆን በሐዲስ ታዘናል። ያለ ምክንያት ውሻ የሚያሳድግ ሰው አጅሩ በየቀኑ እንደሚቀንስም ተነግሮናል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ግን ተፈቅዷል፤ ብዙ ዑለሞችም ቤት መጠበቅን ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ፣ የሠለጠነ ውሻ ይዞ የመጣው አደን ሐላል መሆኑ ተገልጿል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና በአንድ ወቅት ውሾች እንዲገደሉ አዘው እንደነበር የምትጠቅሱ ትኖራላችሁ። ያው ሐዲስ ግን ኋላ ላይ ይህን እንዳስቆሙና የአደንና የከብት ውሾችን እንደፈቀዱ ይቀጥላል። ሰው የሚያጠቃ አደገኛ ውሻ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዑለሞችም ለብቻው ነው የሚያዩት።

አሁን ሌላኛውን ጎን ተመልከቱ። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ፣ አንድ ሰው ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ሞልቶ አጠጣው፤ አላህም ማረው። ሶሐቦቹ በእንስሳትም አጅር አለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ሕይወት ባለው ሁሉ አጅር እንዳለ ተነገራቸው። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ድመት አስራ ሳትመግባት፣ እንዳትበላም ሳትለቃት በረሃብ የገደለች ሴት በዚያው ምክንያት ለቅጣት ተዳረገች። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንደኛው የማንም ላልሆነ ውሻ አንድ ጫማ ውሃ ሰጠ። ሌላዋ በገዛ እጇ ያሰረቻትን ረሳች።

እኛ ከሁለቱ ማንን እንመስላለን? እዚህ ጎንደር፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ ፒያሳም ሆነ አዲስ ዓለም፣ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ያለው ቤት ብዙ ነው። ብዙው ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ፀሐይ ሲዞር ጥላው ይሸሸዋል፤ እሱ ግን መከተል አይችልም። የውሃ ዕቃው ከተደፋ የሚያይለት የለም። ሌሊት ሌባ ሲመጣ ግን እንዲጮኽ እንፈልጋለን። ከቤታችን ጠባቂ አድርገን ካሰርነው ቀን ጀምሮ ያ ውሻ በእጃችን ያለ አማና ነው። ራሱ ውሃ ፍለጋ እንዳይሄድ ያገድነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ውሃው የሚጠየቀው ከእኛ ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ታላቁ የሻፊዒ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረው ጽፈዋል። ባለቤቱ እንስሳው ቢያረጅም፣ ቢታመምም፣ ጥቅም ባይሰጥም ሊመግበው ይገባል ብለዋል። ከአቅሙ በላይ አይጫንበት፤ ከሚጎዳው እንስሳ ጋርም አይቀላቀል ብለዋል። በእንግሊዝ የእንስሳት አያያዝ ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ ተጠንቶ ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከዚያ ተነስተው ባለሙያዎች አምስት ነገሮችን አስቀመጡ፦ ከረሃብና ከጥማት፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን ማሳየት መቻል። ዓሊሙ ከ700 ዓመታት በፊት የጻፉትን ያነበበ ሰው ይህ አይገርመውም።

ዛሬ ጥናቱ ጠልቆ ሄዷል። ተመራማሪዎች ከውሻ ምራቅ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ይለካሉ። በፖርቹጋል በ92 ውሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ በቅጣትና በማስፈራራት የሚሠለጥኑ ውሾች በሽልማት ከሚሠለጥኑት የበለጠ የጭንቀት ምልክት እንደሚያሳዩ አግኝቷል። በመጠለያ ባሉ ውሾች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ከሰው ጋር የተረጋጋ ጊዜ ማሳለፍ ጭንቀታቸውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። «ካልተመታ አይጠብቅም» የሚለው የሰፈር ወሬ እንግዲህ መሠረት የለውም። ፊትን መምታትማ በእንስሳም ቢሆን በሐዲስ የተከለከለ ነው።

ጉዳዩ የውሻው ብቻ አይደለም፤ የታናሽ ወንድምህና የእህትህ ሕይወትም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን ይገድላል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማውና በዙሪያው ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ከተነከሱት ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ የባህል መድኃኒት እንደሚያስቀድሙ አሳይተዋል። ግመልን አስሮ መመካት ሱና ነው፤ ክትባት ደግሞ የዘመናችን ገመድ ነው።

ውሾችን በጅምላ መርዝ መስጠት በሽታውን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። በሽታው የሚቆመው ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ዎቹ ሲከተቡ ነው። ይህ ጥቅሙ ለዱር እንስሳም ይተርፋል። በሰሜን ተራሮች ከእኛው አጠገብ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ አዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጅቷል። የደባርቅና የዳባት እረኛ ውሻውን ሲያስከትብ የራሱን ልጅም፣ የአላህን ፍጥረትም ይጠብቃል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል አገሩ፤ ባልተከተበ ውሻ በኩልም ሞት ይገባል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የምንሠራው፦

1. በግቢያችሁ ውሻ ካለ ለብቻው የሚሆን የውሃ ዕቃ አስቀምጡለት። የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ጣሳ ውሃ ቀላል ሰደቃ አይደለም። የእሱ ዕቃ ከእናንተ ዕቃ ከተለየ የጦሃራውም ጭንቀት አይኖርም።

2. ገመዱን አስረዝሙ፤ ጥላ ያለበት ቦታ ቀይሩ፤ በቀን የተወሰነ ሰዓት በተዘጋ ግቢ ፍቱት።

3. በየዓመቱ አስከትቡ። የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ግቢው የተከራያችሁት ከሆነም ለአከራያችሁ በአክብሮት አንሱላቸው።

4. ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ።

5. ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ስታዩ በለሰለሰ ቃል መልሱት። በጫማው ውሃ የቀዳውን ሰው ታሪክ ንገሩት። ልጅ ታሪክ አይረሳም።

አላህ ሆይ! በምድር ላሉት እንድናዝን አድርገን፤ በሰማይ ያለህ አንተም እዘንልን። በእጃችን ላስቀመጥከው ነፍስ ሁሉ አማና ጠባቂዎች አድርገን። ልጆቻችንን ከበሽታ ጠብቅልን። አሚን!

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዐ ሙባረክ!