ከጀርባ የወረደው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ሁለት ነን፤ በይፋግ በአንድ ቤት ያደግን እኅትና ወንድም ነን። ጽሑፉን ያቀረብነው እናስተምር ብለን አይደለም። በቤታችን የሠራነውን ጥፋት ነግረናችሁ አብረን እንድንማርበት ብለን ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ሲገባ እናታችን በጤና ጣቢያ በደኅና ተገላግላ ሴት ልጅ ይዛ ተመለሰች። ጎረቤቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ። ገንፎው ተገነፋ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ቤቱ በእልልታ ሞላ። የአራስ ቤት ደስታ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በዚያ ደስታ መካከል ግን አንድ ሰው ነበረ። የሦስት ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን ማሙሽ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ሊገባ ሲል «ተው፣ ሕፃኗን ትቀሰቅሳታለህ» ተባለ። ከእናቱ ጎን ሊተኛ ሲል «አንተማ ትልቅ ልጅ ሆነሃል» ተባለ። ታዝሎ መውጣት ለምዶ ነበርና «እዘይኝ» ሲል «እናትህ ደክሟታል፣ ሂድ ተጫወት» ተባለ። እስከ ትናንት «ገና ሕፃን ነው» ይባል የነበረው ልጅ በአንድ ሌሊት ትልቅ ሆነ። ለምን እንደሆነ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በገበያዋ የታወቀች፣ የመንገደኛ ማረፊያ የነበረች አገር ናት። እንግዳ ሲመጣ መደቡን መልቀቅ ያባቶቻችን ልማድ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃንም እንግዳ ነው፤ ስፍራ ሊለቀቅለት ይገባል። ይሁን እንጂ መደቡን የሚለቅ ሰው እንግዳው ማን እንደሆነ፣ እርሱስ የት እንደሚቀመጥ ይነገረዋል። ማሙሽን ተነሣ አልነው እንጂ የት እንደሚቀመጥ አላሳየነውም።

እኛስ በዚያ ሰሞን የት ነበርን? ቤተ ክርስቲያን ነበርን። በጾመ ፍልሰታ ቅዳሴ አላመለጠንም። ከዚያ ቀጥሎ የመስቀል በዓል የመዝሙር ጥናት መጣ፤ ከጥናቱም አልቀረንም። ማታ ስንመለስ እናታችን ሕፃኗን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሽሮ ስታማስል እናገኛት ነበር። «ምነው ቆያችሁ?» ስትለን «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እማዬ» እንላት ነበር። እርሷም ዝም ትል ነበር።

ከመስቀል በኋላ ሰማንያው ቀን ደረሰ። በማለዳ ሁሉም ተዘጋጀ። ክርስትና እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ቆመች። ያን ጊዜ አንቀልባው ጠፋ። አያታችን እማሆይ በቅቤ አሽታ ያለሰለሰችው፣ ዛጎል የተሰፋበት፣ ሁላችንም በየተራ የታዘልንበት አንቀልባ ነው። መደቡን ፈተሽን፤ ቆጡን ፈተሽን፤ ደጁን ዞርን። በመጨረሻ ከጎታው ጀርባ ማሙሽ አንቀልባውን አንጥፎ፣ እግሩን ሰብስቦ ተኝቶበት አገኘነው።

ወገኖቻችን፣ ልብ በሉ! አንቀልባው መጥፋቱን ሁላችንም አይተናል። ልጁ መጥፋቱን ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላየም።

አንቀልባውን ከሥሩ ነጠቅነው፤ ከሁለታችን አንዳችን በጥፊ መታነው። እርሱም እያለቀሰ «የኔ ነው! እማዬ በሱ ነው የምታዝለኝ» አለ። እማሆይ ከተቀመጠችበት ሆና «ተዉት፣ አትምቱት። ቆዳውን ፈልጎ አይደለም፤ ጀርባዋን ፈልጎ ነው» አለችን። እናታችን አንድ ቃል ሳትናገር ሕፃኗን ለክርስትና እናቷ ሰጠች፤ ማሙሽን በአንቀልባው አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገዱን ያዘች። እኛ አፍረን ከኋላ ተከተልን።

ሴት ልጅ በሰማንያ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን የሚጠመቁበትን ምሥጢር ተምረናል። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደተጻፈው አዳም በአርባ ቀን፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት ገብተዋል። በኃጢአት ያጡትን ልጅነት ሕፃኑ በጥምቀት ይቀበላል። እኅታችንም በዚያ ዕለት ተጠመቀች፤ ቅብዐ ሜሮን ተቀባች፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበለች፤ ማዕተብ ታሰረላት። እኛ ግን በእናቷ ጀርባ ላይ ያለውን ልጅ ስናይ በእርሱም አንገት ያው ክር እንዳለ አስተዋልን። ልጅነቱ በአዲስ ልጅ መምጣት የሚያልፍ አይደለምና።

ከዚያ ወዲህ ኦሪት ዘጸአትን ስናነብ ቀድሞ ያላየነውን አየን። ሙሴ ከፈርዖን ፊት ሲቆም የ80 ዓመት ሰው ነበረ፤ አሮን ደግሞ የ83 ዓመት (ዘጸ. 7፥7)። እንግዲህ ሙሴ ሲወለድ አሮን የሦስት ዓመት ልጅ ነበረ ማለት ነው፤ ልክ እንደ ማሙሽ። እናታቸው ሕፃኑን ሦስት ወር ሸሸገችው። በዚያ ቤት ድምፅ እንዳይሰማ ምን ያህል «ዝም በል» ተብሎ ይሆን? መጽሐፉ ስለ አሮን አይነግረንም፤ እኛም አንጨምርበትም። ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅ ምን እንደሚሰማው ከጎታው ጀርባ አይተናል።

በዚያ ቤት ታላቅ እኅትም ነበረች። ሕፃኑ በደንገል ሣጥን ሆኖ በወንዝ ዳር ሲቀመጥ ርቃ ቆማ ጠበቀችው (ዘጸ. 2፥4)። ደንገልን እኛ እናውቀዋለን፤ በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ነው። ውኃ ላይ የተቀመጠ ደንገል ምን ያህል ዓይን እንደሚፈልግ ለባሕሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ያች ልጅ ግን ከንጉሥ ልጅ ፊት ቀርባ ተናገረች፤ ሕፃኑንም ወደ እናቱ ጡት መለሰችው። እግዚአብሔር ለእስራኤል ያዘጋጀውን መሪ በመጀመሪያ የጠበቀው ጦር ሠራዊት ሳይሆን የታላቅ እኅት ዓይን ነው።

አሮንስ? ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ እግዚአብሔር ወንድምህ ሲያይህ በልቡ ደስ ይለዋል ብሎ ለሙሴ ነገረው (ዘጸ. 4፥14)። አሮንም እንደተባለው ሊቀበለው ወጣ፤ ሳመውም፤ አፍ ሆነለት። ቃየልን ወንድሙን ያስገደለው፣ የያዕቆብንም ልጆች ዮሴፍን ያሸጠ ቅናት በእርሱ አልነገሠም። ፈጽሞ አልነካውም ማለት ግን አይደለም። ማርያምና አሮን ካረጁ በኋላ እንኳ በሙሴ ላይ አንጐራጉረዋል (ዘኁ. 12)። ያን ጊዜ ማርያም በለምጽ ስትመታ ወደ እግዚአብሔር የጮኸላት በወንዝ ዳር የጠበቀችው ሙሴ ነው። የወንድማማች ፍቅር አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚተው አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚኮተኮት ነው።

ጌታችን በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የነቀፋቸውን ሰዎች እናስታውስ። አባትና እናታቸውን ሊረዱበት የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ ያስቀሩ ነበር። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እማዬ» ያልነው እኛ ከእነዚያ በምን ተለየን? መዝሙሩ መልካም ነው፤ ቅዳሴውም ሕይወታችን ነው። ነገር ግን እናት በጭስ ውስጥ ሆና፣ ሕፃን ከጎታ ጀርባ ሆኖ የሚያለቅስበት ቤት መዝሙራችንን ይመሰክርብናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ የጀመርነውን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ እናት ሳትወልድ ለትንሹ ልጅ እንንገረው። በተወለደም ዕለት ከጎረቤት ሁሉ አስቀድመን ይዘነው እንግባ፤ እኅቱን ይያት፤ እጇን ይንካ። ስፍራው ከእኛ ዘንድ እንደሆነ ይወቅ። የእናት ጀርባ ቢጠብብ የታላቅ ጀርባ አለ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን እንከፋፈል። ውኃ መቅዳት፣ የሕፃን ጨርቅ ማጠብ፣ እሳት ማቀጣጠል የሴት ልጅ ብቻ ነው የሚለውን ወንዶቹ እንተወው። ወንድሟ ጀሪካን ተሸክሞ ሲታይ የሳቁ ነበሩ፤ አሁን ለምደውታል። የመዝሙር መሪያችንን አስፈቅደን አንዳችን ለጥናት ስንሄድ አንዳችን ቤት እንቀራለን።

ሦስተኛ፣ የሰማነውን የጤና ትምህርት ወደ ቤት እናድርስ። እስከ ስድስት ወር ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ቅቤ ማላስና ውኃ ማጠጣት ይጎዳል። በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ወባ አለና እናትና ሕፃን አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ትንሹም ልጅ አይረሳ። የክትባት ቀን አይለፍ። ልጅ ሲያተኩሰው በግምት አንቆይ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ በመጀመሪያ ወባ ነው የተባለበት ጊዜ ነበረና፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

አራተኛ፣ እሑድ ወደዚህ ስንመጣ ታናናሾቻችንን በእጃችን ይዘን እንምጣ። እናት በዚያች ሰዓት ታርፋለች፤ ልጁም መዝሙር ይማራል።

ማሙሽ መልአክ ሆነ ብለን አንዋሻችሁም። አሁንም አልፎ አልፎ ሰው ሳያየው እኅቱን ይቆነጥጣታል። ነገር ግን ስታለቅስ ደግሞ «እሹሩሩ» እያለ የሚያባብላት እርሱ ነው። አንቀልባውም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ማታ ማታ ከእኛ አንዳችን ማሙሽን በእርሱ አዝለን ግቢውን አንድ ጊዜ እንዞራለን። ትልቅ ልጅ ነውና ይከብዳል፤ እግሩም ሊንጠለጠል ምንም አልቀረው። በጥፊ የመታንበት እጅ ግን ሌላ ሥራ አገኘ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ዛሬ ከዚህ ወጥተን ቤታችን ስንገባ አስቀድመን ከጎታው ጀርባ እንመልከት። ሕፃናትን አቅፎ የባረከ ጌታ፣ በጥበትም በስፋትም በአንድ ቤት ያኑረን። የእናቶቻችንን ድካም ይቍጠርልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።