ለማን ነው ቀላል?

ልጄ፣ ማክሰኞ ማታ ደውለህ «ጋሼ፣ የማንግሮቭ እባብ ልገዛ ነው፤ አይደንግጡ፣ መርዙ ቀላል ነው» ስትለኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አልነበረም። ይችኑ ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም ለአክስትህ ብያታለሁ። እሷም ያኔ ዝም አለችኝ። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ እባቡን ገዛሁት። አንተም የእኔን ዝምታ እንደዚያ እንዳትቆጥረው ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት።

እናትህ «ሰይጣን በገንዘብህ ገዝተህ ቤት ታስገባለህ?» እንደምትልህ አውቃለሁ። እኔ እንደዚያ አልልህም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት አኑሬዋለሁ። ታክሲ ነድቼ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስገባ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ነቅቶ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር፤ የሌሊት እንስሳ ነውና። ጥቁር ካባ ላይ የተጠለፈ የወርቅ ጥለት አይተሃል? ገላው እንደዚያ ነው፤ ጥቁሩ የጠራ፣ ቢጫው ቀለበት ቀለበት እየሆነ እስከ ጅራቱ የሚወርድ። ከቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሞ ሲያየኝ የቀኑ ድካም ይለቀኝ ነበር። ስለዚህ ለምን እንደወደድከው አትንገረኝ፤ አውቀዋለሁ። የምጠይቅህ ስለዚያች «ቀላል» ስለምትላት ቃል ነው። ለማን ነው ቀላል? ማንስ ላይ ተለክቶ ነው ቀላል የተባለው?

እፉኝት መርዙን እንደ ሐኪም መርፌ ነው የሚወጋው፤ ጥርሱ ከፊት ነው፣ ውስጡም ክፍት ቱቦ ነው። ይኸኛው ግን የመርዝ ጥርሱ ከአፉ በስተኋላ፣ ከዓይኑ ግርጌ ነው፤ ቱቦም የለውም፣ ጎኑ ላይ ቦይ ተቀዶለታል። መርዙ በግፊት አይረጭም፣ በቦዩ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ስለዚህ ነድፎ አይሸሽም፤ ይዞ ያኝካል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የዚህን እባብ ንክሻ የቀመሰ ሰው ሦስተኛ ይጨምርበታል።

መርዙ ራሱ ለአንተ የተሰናዳ አይደለም። የማንግሮቭ እባብ በማሌዥያ፣ በኢንዶኔዥያና በአካባቢው ባሉ አገሮች፣ በወንዝ ዳርና ባሕር በሚያጥበው ደን ውስጥ ዛፍ ላይ እየኖረ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ወፍ ይወዳል። በ2006 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምቆጥርልህ) ሳይንቲስቶች ከመርዙ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው ዴንሞቶክሲን አሉት፤ የጫጩት ጡንቻ ላይ ሲሞክሩት አጥብቆ ያዘ፣ የአይጥ ጡንቻ ላይ ግን እጅግ ደካማ ሆነ። እንግዲህ «ቀላል» ማለት ይህ ነው። ወፍ ብትሆን ቀላል አትለውም ነበር።

የወንድሙን ነገር ደግሞ ስማ። ቡናማው የዛፍ እባብ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወታደር ጭነት ተደብቆ ጉዋም ደሴት ገባ። ደሴቲቱ አሥራ ሁለት ዓይነት የደን ወፎች ነበሯት፤ አሥሩ ከዚያ ጫካ ጠፉ። ሰዎቹስ? ጎልማሳው ሲነደፍ ክንዱ አብጦ፣ ተበሳጭቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። የተጎዱት ሕፃናት ነበሩ። እባቡ ሌሊት በመስኮት ገብቶ አልጋ ላይ የተኙትን እየነደፈ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሐኪም ቤት የደረሱ ነበሩ። እባቡ አንድ ነው፣ መርዙም አንድ ነው፤ ክብደቱን የለወጠው ተቀባዩ ነው። የጉዋም ሰዎች ይህንኑ ገልብጠው ይጠቀሙበታል፦ እኛ ትኩሳት ሲይዘን የምንውጠውን መድኃኒት፣ አሲታሚኖፌን የሚባለውን፣ 80 ሚሊግራም የሞተ አይጥ ላይ አድርገው በአየር ይጥሉለታል። ለእኛ የራስ ምታት መድኃኒት የሆነው ለእባቡ ሞት ነው።

አንተ የምትኖረው እህትህ ቤት ነው። ልጇ ስምንት ወሯ ነው፣ መዳህ ጀምራለች። አሁን ተመልሰህ «ቀላል ነው» በለኝ።

ከተማሩት መሐል በዚህ ቃል የተታለሉ አሉ። ካርል ፓተርሰን ሽሚት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እባብ ያጠና። መስከረም 1957 ከከተማው የእንስሳት ማቆያ ወገኑ እንዲለይ አንድ ወጣት ቡምስላንግ ተላከለት። ቡምስላንግ የአፍሪካ የዛፍ እባብ ነው፤ በኢትዮጵያም አለ፤ ጥርሱም እንደ አንተው እባብ ከኋላ ነው። አውራ ጣቱን ነደፈው፤ የገባችው አንዲት ጥርስ ናት፣ ያውም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። ሽሚት ሕመሙን ሰዓት በሰዓት እየመዘገበ አደረ፤ ጠዋት ቁርሱን በላ፣ ያንንም ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ሞተ። በፍራንክፈርት የዜንክንበርግ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሜርተንስ ደግሞ በ1975 ቤቱ የሚያኖረውን ጭራሮ የመሰለ የአፍሪካ የዛፍ እባብ ሲመግብ ተነድፎ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ አረፈ።

ልብ በል፣ የማንግሮቭ እባብ ቡምስላንግ ነው አላልኩም። አይደለም። ጤነኛ ጎልማሳ ይገድላል ብዬም አላስፈራራህም፤ ውሸት ይሆንብኛል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያነሳሁት እውቀት ራሱን ማመን ሲጀምር እጅ እንደሚዝረከረክ ስለማውቅ ነው። ያን ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት።

ቅዳሜ ሹር ነበር። አክስትህ ሦስት ዶሮ አስመጥታ እኔ ብልቱን ላወጣ ተቀመጥኩ። የእኛን ዶሮ ታውቃለህ፤ አሥራ ሁለት ብልት፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ። ከሰዓት ሙሉ እጄ ዶሮ ውስጥ ዋለ። ወደ ማታ እሷ ነጠላዋን ለብሳ ልጆቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔ «ዕቃውን አጣጥቤ እከተላችኋለሁ» አልኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ግን የዶሮ ጠረን በሳሙና ይለቃል እንዴ? ከመውጣቴ በፊት የእባቡን ውኃ ልለውጥለት ወረድኩ። በመንጠቆ ፈቀቅ ላደርገው ይገባ ነበር፤ መንጠቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየሁት፣ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነው ብዬ፣ በባዶ እጄ ገባሁ። ሌላውን አንተው ገምተው። ወፍ በላ እባብ ነው፣ የገባለት የዶሮ ሽታ ነው።

የግራ እጄን የቀለበት ጣት ያዘ። ማኘክ ጀመረ። መጎተት ጥርሱን ሥጋ ውስጥ ይሰብራል ሲባል ስለሰማሁ አልጎተትኩም፤ እጄን ከቧንቧ ሥር ይዤ ቆምኩ። እስኪለቀኝ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አልቆጠርኩም፤ ለእኔ የስቅለትን ስግደት ያህል ረዝሞብኛል። ሕመሙ የንብ ያህል ነበር፤ «ይኸው፣ ቀላል ነው» ብዬ ስቄያለሁ እንኳ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቴ እንደ ቋሊማ ሆነ፣ ቀጥሎ እጄ፣ ቀጥሎ አንጓዬ። ቀለበቴ አልወጣ አለ። በቅቤ፣ በሳሙና፣ በክር ሞከርኩ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የመጀመሪያው ሥራቸው ቀለበቱን በመጋዝ መቁረጥ ሆነ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ የእባቡን ስም ሰምቶ አያውቅም። እብጠቱ የደረሰበትን በእስክርቢቶ አሰመረበት፣ ደሜ ይረጋ እንደሆነ ሁለት ጊዜ መረመረ፣ ማርከሻ እንደሌለው ነገረኝ። እዚህ አገር ሐኪም ቤቶች የሚያስቀምጡት የእነ ራትልስኔክ ማርከሻ ለዚህ አይሠራም።

ጎህ ሲቀድ ቤት ገባሁ። አክስትህ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ዘርግታ፣ ወጡን አሙቃ፣ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ለሁለት የተቆረጠውን ቀለበት ከኪሴ አውጥቼ ሳስቀምጥ አየችው። «ቀላል ነው አላልከኝም?» አለች። ከዚያ ጎረሰችና ዝም አለች። ያ ፋሲካ በቤታችን እስከ ዛሬ ይነሳል፤ በሳቅ ነው የሚነሳው፣ ግን ይነሳል።

እባቡን አልሸጥኩትም። ለማን እሸጠዋለሁ? እንደ አንተ ላለ ልጅ? ይህም የምትከፍለው ዋጋ አካል ነው። በደንብ የተያዘ የማንግሮቭ እባብ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። አንተ አሁን ሃያ ሦስት ዓመትህ ነው፤ እስኪያረጅ ድረስ ሦስት ቤት ትቀይራለህ፣ ታገባለህ፣ አገር ቤት ክረምቱን ሄደህ ልትቆይ ትፈልጋለህ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ «እስቲ ሁለት ወር እባቤን ያዝልኝ» የምትለው ሰው ካለህ አሁኑኑ ስሙን ንገረኝ።

ሕጉንም ጠይቀኸኝ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ ሲከለክል የሚጠራው የእፉኝትን፣ የራትልስኔክን፣ የኮብራንና የባሕር እባብን ወገኖች ነው፤ ያንተው ከነዚያ ውጭ ነው። ይህ ማለት ግን ሕጉ አልጠራውም ማለት እንጂ መርዝ የለውም ብሎ መሰከረለት ማለት አይደለም። ካውንቲው የራሱ ደንብ ይኖረዋል፤ ደውለህ ጠይቅ። የእህትህን የቤት ኢንሹራንስም አንብብ፤ ባለቤቷ ፈርሞበታልና።

ይህን ሁሉ ሰምተህም ልትገዛው እንደምትችል አውቃለሁ፤ እኔም በዕድሜህ እሰማ አልነበረም። እንግዲያስ ሻጩን «ቆንጆ ነው?» ብለህ አትጠይቀው፤ «የት ተወለደ?» በለው። አብዛኞቹ ከጫካ ተይዘው የመጡ ናቸው፤ ውኃ ጠምቷቸው፣ ሆዳቸው በትል ተሞልቶ፣ ምግብ እምቢ ብለው ነው የሚደርሱት። ፊት ለፊትህ ሲበላ ሳታይ ገንዘብ አትስጥ። አይጥ አልበላ ካለ በረዶው የሟሟለትን አይጥ በጫጩት ላባ አሸት አሸት አድርገህ ትሰጠዋለህ፤ እኔ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ቤቱ ከወገብህ ከፍ ያለ፣ ሞቃት፣ እርጥበት ያለው፣ ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ክዳን ላይ ድንጋይ መጫን ቁልፍ አይባልም። የእባቡን ሳይንሳዊ ስም ጽፈህ በሩ ላይ ለጥፍ፤ ሐኪሙ ሲጠይቅህ ምላስህ ይታሰር ይሆናል። 1-800-222-1222 የመርዝ ማዕከሉ ስልክ ነው፣ ሌሊትም ያነሳሉ። ከተነደፍክ መጀመሪያ ቀለበትህን አውልቅ። የተነደፈውን ቦታ አትቁረጠው፣ አትምጠጠው፣ አትሰረው። አንድ ጊዜ ተነድፈህ ምንም ስላልሆንክ ሁለተኛውን አትናቀው፤ ገላ ለመርዝ አለርጂ ሊያበጅ ይችላል፣ ያኔ ትንሿም ትንፋሽ ትዘጋለች።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ እባብ ብቻ ከሆነ የፈለግኸው፣ ኮርን ስኔክ የሚባለው መርዝ የሌለው፣ እዚሁ የተወለደ፣ አይጥ ያለ ልመና የሚበላ ነው። የወርቅ ጥለት የለበሰ አይደለም። ግን ሕፃኗ ስታድግ ልታሳያት ትችላለህ።

ለማንኛውም ቅዳሜ ና፤ አክስትህ ቡና ታፈላለች። የመስታወት ቤቱ እስከ ዛሬ ቤዝመንት አለ። በበረዶው ወራት በሶብላና ጤና አዳም ታበቅልበታለች፣ ማሞቂያ መብራቱ ዛሬም ይሠራል። ከፈለግኸው እሷን ጠይቃት። ውኃ አጠጥታ ስትጨርስ ቁልፉን ሁለቴ ታዞርበታለች፤ ለበሶብላ ቁልፍ ምን ያደርጋል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።