ስደተኛው ምን ይዞ ወጣ?

ከወግዲ የተነሣ አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ተሰደደ እንበል። ጭራው ቢበጠስ የባዕድ ፈረስ ጭራ ይተካዋል፤ ቆዳው ቢቀደድ ሌላ ይወጠራል። ታዲያ ይዞት የወጣው ቅርስ የቱ ነው? ቅኝቱ ነው እንዳንል ምክንያት አለን፤ አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ሆነው ሳለ የቅኝትም ስም ናቸው። ቅኝትን ድንበር ላይ ፈታሽ አይነጥቅም።

ሆኖም ጣት ከሰነፈ ቅኝትም ይጠፋል። በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግሮ የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይጫወት ነበር። የ1985 አልበሙ በ2013 ዳግም ወጥቶ ዓለም እስኪያደምጠው ድረስ ጣቶቹን አላቦዘነም።

ያለ ሰሚ መጫወት ከንቱ ነውን? እኔ ታማኝነት እለዋለሁ። ዕቃውን ይዞ ሥራውን የተወ፣ ባዶ እጁን ወጥቷል።