ከሰይፉ ምት በኋላ

ሰውን ለመግደል በተሠራ መሣሪያ ሰብአዊነትን መማር ይቻላልን? ጥያቄው እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። ሆኖም የጃፓን የሰይፍ ጥበብ ለዘመናት ሲታገለው የኖረው ይኸንኑ ጥያቄ ነው።

የጥበቡ መነሻ ክንድ ሳይሆን እግር ነው። ሚያሞቶ ሙሳሺ እ.ኤ.አ. በ1645 ባጠናቀቀው «የአምስቱ ቀለበቶች መጽሐፍ» ውስጥ ተፋላሚው እንደ ወትሮው አካሄዱ እንዲራመድ ይመክራል፤ የሚዘል፣ የሚንሳፈፍና ተተክሎ የሚቀር እግርን ይነቅፋል። ዛሬም ኬንዶ በሚባለው፣ በቀርከሃ ሰይፍ በሚካሄደው ልምምድ፣ ተለማማጁ በባዶ እግሩ ወለሉን እየታከከ ይንሸራተታል። ሲመታም መንፈሱ፣ ሰይፉና አካሉ በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ይህ ለተውኔት ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ ቃሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ እጁ የሚከተለው ተዋናይ ማንንም አያሳምንም።

ከእግር ቀጥሎ የሚመጣው ልቡና ነው። የዜን መነኩሴው ታኩአን ሶሆ ለሰይፍ መምህሩ ለያግዩ ሙኔኖሪ በጻፈው ምክር፣ ልቡና በባላጋራው ሰይፍም ሆነ በራሱ ሰይፍ ላይ ከቆመ እንቅስቃሴው እንደሚታሰር ያስረዳል። የሚፈራም፣ ለማሸነፍ የሚቸኩልም እኩል እስረኞች ናቸው።

ከመርሆዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻው ነው። ዛንሺን ይሉታል፤ ሲፈታ «የቀረ ልብ» እንደ ማለት ነው። የመታ ሰው ምቱን እንደ ፈጸመ ፊቱን አይመልስም፤ ልቡ ከተመታው ጋር ይቆያል። መነሻው ጥንቃቄ ነው፤ ወደቀ የተባለ ባላጋራ ሊነሣ ይችላልና። ነገር ግን ትርጉሙ ከጥንቃቄ አልፎ ሄዷል። በኬንዶ ውድድር ነጥብ ያገኘ ሰው በደስታ ቢፈነጥዝ ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ያማረ ቢሆንም ታሪክ ሌላም ይመሰክራል። ይኸው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ወጣቶችን ለጦርነት ለማዘጋጀት አገልግሏል። ከ1945 ሽንፈት በኋላም ከትምህርት ቤቶች ታገደ። የመላው ጃፓን የኬንዶ ፌዴሬሽን በ1952 ተመሠረተ፤ በ1975ም የልምምዱ ዓላማ በሰይፍ መርሆዎች አማካይነት የሰውን ባሕርይ ማነጽ መሆኑን ደነገገ። እርምጃው ያው ነው፤ ምቱም ያው ነው። የተለወጠው የታለመለት ግብ ነው።

እንግዲህ እግር አሳምሮ መራመዱ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። የሠለጠነ አካል ለመልካሙም ለክፉውም እኩል ይታዘዛል። መልሱን ከጥበቡ ውስጥ መፈለግ ካለብን፣ እኔ የማገኘው ከምቱ በኋላ ባለችው ዝምታ ውስጥ ነው። የመታሁትን ሰው ትኩር ብዬ ካየሁት፣ ለምን መታሁት ብሎ መጠየቅ አይቀርልኝም። ዓይኑን ከሥራው ውጤት የሚያሸሽ ሰው፣ ሰይፍ ይያዝ ብዕር፣ ጥበቡን ገና አልጀመረም።